ገመቹ ከሕያዋን ጋር

ኦቦ ፈይሳ ማረፋቸውን የሰማሁት ሱሉልታ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። የደወሉልኝ የቡራዩ ካቶሊክ ቁምስናችን ቄስ አባ ማርቆስ ናቸው። «ዛሬ ጠዋት፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ» አሉኝ። ቀጥለውም «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ፍትሐት አለ። ጸሎቱን አንቺ ብታነቢ ደስ ይለናል» አሉ። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። ደንድኜ አይደለም። መጀመሪያ ሐሳቤ ውስጥ የገባው ሟቹ ሳይሆኑ ልጃቸው ገመቹ ስለነበር ነው። የገመቹን ስም ነገ ከሕያዋን ጋር ነው የማነበው ወይስ ከሙታን ጋር? ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኔ ቆሜ ቀርቼ ከኋላዬ የነበረው ሰው በትከሻው ገፋ አደረገኝ።

ይህ ጥያቄ እንዴት የእኔ ጥያቄ እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ኦቦ ፈይሳ ማውራት አለብኝ። ስለ እሳቸው ማውራት ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በሕይወት ሳሉ ብዙ ጊዜ ያናድዱኝ ነበር።

ኦቦ ፈይሳ ቡራዩ ውስጥ ባጃጅ ይነዱ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የቁምስናችን ካቴኪስት ነበሩ፤ ለጥምቀትና ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁትን ሃይማኖት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳን ካለፈ ቆይቷል። ባጃጅ የሚነዳ ሽማግሌ እዚያ መንገድ ላይ ብርቅ ስለሆነ ወጣቶቹ ሾፌሮች «ፋዘር» ይሏቸዋል። ሲሄዱም ያልፏቸዋል፣ ሲመለሱም ያልፏቸዋል። ከዝግታቸው የተነሣ የቸኮለ ተሳፋሪ ግማሽ መንገድ ላይ «ወራጅ» ብሎ በእግሩ ይቀድማቸዋል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን እየነዱ መከራከር አለመቻላቸው ነው። ክርክር ከተነሣ ባጃጇን ጥግ ያስይዛሉ፣ ሞተር ያጠፋሉ፣ ዞር ብለው ክንዳቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ያሳርፉና «አሁን ንገሪኝ» ይላሉ። ነገሩ መቋጫ ካላገኘ መንገድ የለም። እኔ ያኔ የቁምስናው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ጾም፣ ስለ ጳጳሳት፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ ስንከራከር እየረፈደብኝ ሕፃናቱ በር ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁኝ አገኛቸው ነበር።

እሑድ እሑድ ከእሳቸው ጋር ተራ እየገባን የምእመናን ጸሎት እናነብ ነበር። ወንጌልና ስብከት ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ወጥቶ ልመናዎቹን ያነባል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ አገር መሪዎች፣ ስለ ሕመምተኞች፣ በመጨረሻም ስለ ሙታን። ሕዝቡ ከእያንዳንዱ ልመና በኋላ «አቤቱ ስማን» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚነበበው ከተዘጋጀ ወረቀት ላይ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስላደግኩ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ አፌ «አቤቱ ስማን» ሲል ብዙ ጊዜ ይዤዋለሁ።

ያ ልማድ የተለወጠው አገሩ በታወከበት ሰሞን ነው። አንድ ቀን መንገድ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ ይባላል፤ ማታ የወጣ ልጅ ጠዋት ጣቢያ ሲፈለግ ይውላል። የዚያን ሰሞን ከጳጳሳት የሰላም መልእክት መጣና አባ ማርቆስ በስብከት ፋንታ አነበቡልን። ረጅም ነው፣ ጥሩ ነው። ወገኖች ሁሉ ወደ ውይይት እንዲመጡ፣ ወገኖች ሁሉ ከጥላቻ እንዲርቁ፣ ወገኖች ሁሉ የሰውን ክቡርነት እንዲያስቡ ይላል። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆመን ሳለ ኦቦ ፈይሳ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ወደ አባ ማርቆስ መጡ። ያን ካፖርት ፀሐይም ይውጣ ዝናብም ይዝነብ አያወልቁትም።

«አባ፣ መልእክቱ ጥሩ ነው» አሉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ግን እኔ ወገኖች ሁሉ የሚባል ሰው ባጃጄ ላይ ጭኜ አላውቅም።»

አባ ማርቆስ ፈገግ አሉ። «ታዲያ ማንን ነው የጫኑት?»

«ማክሰኞ የአልማዝን ልጅ። ወደ ጤና ጣቢያ ነበር፤ ስንደርስ አልፏል። ዳዊት ነው ስሙ። እናቱ እግሩን ታቅፋ ነበር፤ ባጃጅ ውስጥ ሰው አይጋደምም፣ እግሩ ውጭ ይቀር ነበር። ዛሬ ስለ ሰላም ስንጸልይ እናቱ እዚያ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበረች። ዳዊት ሲባል አልሰማችም።»

አባ ማርቆስ ፈገግታቸው ጠፋ። «ስም መጥራት አደጋ አለው፣ ኦቦ ፈይሳ። የአንዱን ጠርተን የሌላውን ብንተው ሰው ምን ይላል?»

«አንተውም።»

«ሁሉን እናውቃለን?»

«እኔ የማውቀውን እጠራለሁ። የቀረውን እርሱ ያውቀዋል» አሉና በአገጫቸው ወደ ሰማይ ጠቆሙ።

አባ ማርቆስ እምቢም እሺም አላሉም። አባ ማርቆስ እምቢ ካላሉ ኦቦ ፈይሳ እሺ ተብለዋል ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና በቃላቸው ጀመሩ። በመጀመሪያ ሕያዋንን ጠሩ፤ የታሰሩ፣ የቆሰሉ፣ የት እንደደረሱ ያልታወቀ። ከዚያ ሙታንን። አንዱን በአማርኛ፣ ቀጣዩን በኦሮምኛ ይሉታል። ዳዊት ሲባል ሦስተኛው ወንበር ላይ አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሕዝቡ «አቤቱ ስማን» ሲል ከወትሮው ዘግየት ብሎ ነው፤ እውነት ለመናገር ያን ቀን የምንለውን እያዳመጥን ነበር።

ስም ወረቀት ላይ አያሰፍሩም ነበር። በዚያ ሰሞን የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ስለሚያውቁ፣ ስሞቹን በመቁጠሪያቸው ያዟቸው። የባጃጇ መስታወት ላይ የሚንጠለጠለውን መቁጠሪያ ተሳፋሪ በሌለ ጊዜ ያወርዱና በጣታቸው አንድ ፍሬ ይዘው «ዳዊት» ይላሉ፣ ሰላም ለኪ ይደግማሉ፤ ቀጣዩን ይዘው ሌላ ስም። እንዳይረሱ ነው። ለሕያዋን ሰፈር የሚጠራቸውን ስም ይሉ ነበር፣ ለሙታን ግን የክርስትና ስማቸውን ከቤተሰብ ጠይቀው ነው የሚያነቡት። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሰፈር ያወጣለት ስም ለሰፈር ነው፣ ሲመጣ እንድንጠራው። ከሄደ በኋላ የሚጠራው በተጠመቀበት ነው» አሉኝ። ይህ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ የእሳቸው ሥርዓት ነው። ግን ሰው ለመደው። አንድ ሰው ከሰፈር ስሙ ወደ ክርስትና ስሙ ከተዛወረ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

ወሬው ከቁምስናችን ወጣ። ካቶሊክ ያልሆነውም መምጣት ጀመረ። ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ኑሩ፣ ወንድሙ ከጅማ ሲመለስ መንገድ ላይ የተገደለበት፣ አንድ ቀን ባጃጇን አስቁሞ በመስኮቱ አጎነበሰ።

«ኦቦ ፈይሳ፣ አካም ጂርቱ» ሲል እንዴት ነዎት አላቸው።

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ እንጂ።»

«አልሄድም። በእናንተ ቤት የኛ ሰውም ይጠራል ሲባል ሰምቼ ነው።»

«የሚጠራው ለእግዚአብሔር አይደል? እርሱ ያውቀዋል።»

«ወንድሜ ጀማል ነው።»

«አውቀዋለሁ እኮ። ቸኩሎ ሁልጊዜ ወራጅ የሚለኝ» አሉ ኦቦ ፈይሳ። ኑሩ መሳቅ ጀምሮ ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነበት። ሞተሩን አጠፉና አብረውት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ያን ቀንም ረፈደብኝ።

ሰው ሁሉ እንደ ኑሩ አልነበረም። አንድ እሑድ ሥራ ላይ እንዳለ የተገደለ ፖሊስና ጫካ ገብቶ የሞተ የአንድ ምእመን ልጅ በተከታታይ ተጠሩ። የፖሊሱ ወንድም ጌታሁን የመዘምራን አባል ነው። ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥቶ በር ላይ ጠበቃቸው።

«የወንድሜን ስም ከገዳዮቹ ጋር አብረው ጠሩት» አለ።

«የገደለው ይሄ ልጅ ነው?»

«የነሱ ነው። ያው ነው።»

ኦቦ ፈይሳ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው የሚደገፉበት ነገር ፈለጉና የበሩን መቃን ያዙ። «ባጃጄ ከኋላ ሦስት ሰው ትጭናለች። ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ጠይቄ አላውቅም።»

«ይሄ ባጃጅ አይደለም፣ ኦቦ ፈይሳ።»

«አይደለም። እሱን እኔም አውቃለሁ» አሉ። ጌታሁን ሄደ፤ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰም። ኦቦ ፈይሳ ግን የወንድሙን ስም መጥራት አልተዉም። በዚያ ወር ከኋላ የሚቆም፣ ማንም የማያውቀው፣ ቁርባን የማይቀርብ ሰውዬም ነበረ። የማን ሰው እንደሆነ ሁላችንም ገምተናል። ኦቦ ፈይሳ የሕያዋኑን ሲጨርሱ «ከኋላ ቆሞ ለሚያዳምጠን ወንድማችንም» ብለው ጨመሩበት። «አቤቱ ስማን» አልን፤ ግማሹ ሰው በነጠላው ውስጥ እየሳቀ ነው።

አንድ ጊዜ ከሰበታ ስንመለስ በግልጽ ጠየቅኳቸው። «ይሄ ሁሉ ስም ተጠርቶ ምን ተለወጠ?»

ባጃጇን ጥግ አስያዙ። ሞተሩን አጠፉ። ክርክር ይመጣል ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ምንም» አሉ።

«ታዲያ?»

«አቤቱ ስማን እንላለን አይደል? መስማቱንማ ይሰማል። ምን እንዳሰበ ነው ያልነገረን።»

ሞተሩን መልሰው አስነሡ። ከእሳቸው ጋር ካደረግኳቸው ክርክሮች ሁሉ አጭሩ እሱ ነበር።

የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው የሚል ሰው ግን አይወዱም። ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማቸው «እግዚአብሔርን በሰው ሥራ አትክሰሱት» ይሉታል፤ ሽማግሌም ቢሆን አይምሩትም። በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል ስናደርግ፣ የቀሬናው ስምዖን የጌታን መስቀል የተሸከመበት ሥዕል ጋ ሲደርሱ ሌላው ጋ ከሚቆሙት ይበልጥ ይቆማሉ። ለልጆቹ የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው። «ስምዖን ልርዳው ብሎ አይደለም የገባበት። ከእርሻ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር። ወታደር ይዞ ጫነበት። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ ማን ያውቀው ነበር?» ልጆቹ ስምዖን በኋላ ቤቱ ደረሰ ወይ ብለው ይጠይቋቸዋል። «አልተጻፈም» ይላሉ።

ገመቹ የበኩር ልጃቸው ነው። ወለጋ ውስጥ ከዋናው መንገድ ርቆ ባለ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ የአባቱን ክርክር ምንም ያልወረሰ ልጅ። ለገና ሲመጣ ባጃጇን ራሱ ይነዳል፤ አባቱን ከኋላ ያስቀምጣቸውና በገፈርሳ መንገድ ያበርራታል። ኦቦ ፈይሳ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው «ቀስ በል፣ አንተ ልጅ፣ ተሳፋሪ ይዘሃል» እያሉ ይጮሃሉ። ሰፈሩ ያን ድምፅ ሲሰማ ገመቹ መምጣቱን ያውቃል።

አንድ ሰሞን ገመቹ ያለበት አካባቢ መንገዱም ኔትወርኩም ተቋረጠ። ሁላችንም እንደተቋረጠ እንዳይቀር ብቻ ነበር የምንለው። ከወራት በኋላ ኔትወርኩ ተመለሰ፤ የገመቹ ስልክ አልተመለሰም። አዴ ጫልቱ፣ የኦቦ ፈይሳ ባለቤት፣ ጠዋት ጠዋት ትደውላለች፤ ያቺው የቴሌ ሴት «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትላታለች። አንድ የሥራ ባልደረባው አምልጦ አዲስ አበባ ገባና መጥቶ የሚያውቀውን ነገረን። ትምህርት ቤቱ ተቃጥሏል። መምህራኑ በየአቅጣጫው ሮጠዋል። ገመቹን ሲሮጥ አይቶታል፣ ከዚያ በኋላ አላየውም። ማን እንዳቃጠለው ስንጠይቀው አንዴ አንዱን ወገን አለን፣ አንዴ ሌላውን። ማንም ደግሞ አልጠየቀውም።

ኦቦ ፈይሳ ለልጃቸው አዴ ጫልቱ የጋገረችውን ዳቦ በፌስታል ይዘው በአውቶብስ ሄዱ። መንገዱ እስከሚያስኬድበት ሄዱ፤ ኬላ ላይ «አባባ፣ ከዚህ ወዲያ ለራስዎ ነው» ብለው መለሷቸው። በየቢሮው ጠየቁ፤ አንዱ ቢሮ ስሙ የለም አላቸው፣ አንዱ ደግሞ በሕይወት ካለ ይመጣል አላቸው። ሲመለሱ ዳቦው ፌስታሉ ውስጥ ነበር። ደርቋል። አዴ ጫልቱ ለማንም አልሰጠችውም፣ አልጣለችውምም፤ ቁምሳጥን ላይ አስቀመጠችው።

የዚያን እሑድ ተራው የእኔ ነበር፤ ኦቦ ፈይሳ ግን እጃቸውን አንሥተው ወጡ። የሕያዋኑን ስም ጠሩ፣ ጠሩ፣ መጨረሻ ላይ «ስለ ገመቹ ፈይሳ፣ መንገድ ላይ ስላለው» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ሕዝቡ «አቤቱ ስማን» አለ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ ሙታን ሄዱ።

ዓመት አለፈ፤ ሌላም ዓመት። አንድ ሰው በዚያው ሳምንት ሞቷል፣ ቀብረነዋል የሚል ሰው አውቃለሁ አለ። ሌላ ሰው የሆነ ካምፕ ውስጥ አይቼዋለሁ፣ ከስቷል እንጂ ደህና ነው አለ። ሁለቱም ዳግመኛ ሲፈለጉ አልተገኙም። ገመቹ በየእሑዱ መንገድ ላይ እንዳለ ነው።

አዴ ጫልቱ ግን እየጠወለገች ሄደች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ጠርተውኝ ቤታቸው ነበርኩ። ሻይ ቀርቦ ሳለ፣ ሰው መኖሩን ከነጭራሹ የረሳች ይመስል፣ ወደ ባሏ ዞረች።

«ፈይሳ፣ አንድ ቀን ብቻ ዮሴፍ በልልኝ።»

ዮሴፍ የገመቹ የክርስትና ስሙ ነው። ኦቦ ፈይሳ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ሳላየው?»

«ማን ያሳየናል? ሄደህ ኬላ ላይ መለሱህ። እኔ ልጄን ማልቀስ ነው የምፈልገው። ዕድሩ ድንኳን አይተክልልኝ፣ ለቅሶ የለም ብሎ። ጎረቤት ይመጣና ስለ መብራት መጥፋት ያወራኛል፤ ስሙን እንዳያነሡ ይፈራሉ። ነጠላዬን እንኳ እንዴት እንደምለብስ አላውቅም። ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ ላድርገው ወይስ እንደ ሰው ወደ ታች?»

«በሕይወት ቢኖርስ፣ ጫልቱ? እኛ እዚህ ሙት ብለን ስንጸልይበት እሱ እዚያ ቁጭ ብሎ ቢሆንስ?»

«ሞቶስ እንደሆን? ነፍሱ ጸሎት እየጠበቀች፣ አባቱ ስለ መንገድ ቢያወራስ?»

ኦቦ ፈይሳ ያስቀመጡትን ብርጭቆ መልሰው አነሡ። አዴ ጫልቱ ቀጠለች። «የሰውን ሁሉ ልጅ በየቦታው ታስቀምጣለህ። የራስህን አቃተህ።»

ኦቦ ፈይሳ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

ምን እላለሁ? ሻዬን ጠጣሁ። ስኳሩ ያልሟሟበት ሻይ ነበር፤ እሱን አማሰልኩ።

ነገሩን አባ ማርቆስ ጋ አደረሱት። አባ ማርቆስ ሁለቱን አስቀምጠው በትዕግሥት ነገሯቸው፤ ጸሎት አይጠፋም፣ ለሕያው የተጸለየው የሞተውን ያገኘዋል፣ ለሞተው የተጸለየው ሕያውን አይጎዳውም፣ እግዚአብሔር ልጁ ወዳለበት ያደርሰዋል። ትምህርቱ ትክክል ነው። ኦቦ ፈይሳ ራሳቸው ለሌላ ሰው ያስተምሩት የነበረ ነው።

«እንግዲያው የትም ባነበው ለእርሱ ልዩነት የለውም» አሉ ኦቦ ፈይሳ። «ለእኔ ግን አለው።»

«ለእኔም አለው» አለች አዴ ጫልቱ።

አባ ማርቆስ ከዚህ በኋላ አብረዋቸው ዝም ብለው ተቀመጡ። ብዙ ቄሶች አውቃለሁ፤ ዝም ማለት የሚችሉት ጥቂት ናቸው።

ባለቤቴ ሥራ ሱሉልታ ሲያገኝ ቡራዩን ለቀን ሄድን። በመሄጃዬ ቀን ኦቦ ፈይሳ እስከ ታክሲ መያዣው በባጃጃቸው አደረሱኝ። መንገድ ላይ ጥግ አስያዙ፣ ሞተር አጠፉ፣ ግን ወደ ኋላ አልዞሩም። በመስታወቱ ነው ያዩኝ።

«እኔ ያለፍኩ ቀን አንቺ ነሽ የምታነቢው።»

«ተዉ እንጂ ኦቦ ፈይሳ፣ ገና ነዎት።»

«ስሚኝ። ገመቹን ከእኔ ጎን እንዳታደርጊው። ሰዉ ይቀለዋል፤ አባትና ልጅ አብረው ይረፉ ብሎ በአንድ ልመና ይጨርሰዋል። አንቺ እንዳታደርጊው።»

«አዴ ጫልቱ አድርጊ ካለችኝስ? እኔ ማን ነኝ እናቱን የምከለክለው?»

መቁጠሪያው መስታወቱ ላይ ይወዛወዝ ነበር፤ በጣታቸው ያዙትና አቆሙት። «ጫልቱ ካለችሽማ…» አሉ። ሳይጨርሱት ሞተሩን አስነሡ። ቀሪውን መንገድ ያለ ወትሯቸው ፈጥነው ነዱ። ያ የመጨረሻ ንግግራችን ሆነ።

አባ ማርቆስ በደወሉልኝ ማግስት ጠዋት ቡራዩ ስደርስ ባጃጇ ግንቡ ሥር ቆማለች፤ አቧራ አልያዛትም፣ አንድ ሰው ጠርጓታል። ዕድሩ ድንኳን ተክሏል። ወጣቶቹ ሾፌሮች ባጃጃቸውን ደርድረው፣ ከእጃቸው ስልካቸውን ሳይለቁ ቆመዋል። ኑሩ ሱቁን ዘግቶ ወንበር ያመላልሳል። ጌታሁን በር ላይ፣ ያኔ ኦቦ ፈይሳን የጠበቀበት ቦታ ላይ፣ ብቻውን ቆሟል። ሰላም አልኩት፤ አንገቱን ነቀነቀልኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የኦቦ ፈይሳ ፎቶ ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ የገመቹ ፎቶ አለ። ለሁለቱም ሻማ በርቷል። ሴቶቹ ናቸው ያደረጉት። ያ ሁሉ ዓመት ያልተለቀሰው ለቅሶ ዛሬ አብሮ ይውጣላት ብለው ነው፤ ደግነት ነው። ገና ከመግባቴ አንዷ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን እንኳ ታለቅሰው» አለችኝ። እሺ አልኩ። ማን እምቢ ይላል? እኔም በልቤ ነገሩ አለቀ ብያለሁ። ኦቦ ፈይሳ ያሉኝን ከማድረግ ይልቅ የእናቱን ቃል ልሰማ ነው የመጣሁት።

አዴ ጫልቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ አድርጋ ነው የለበሰችው። ጎንበስ ብዬ ሳምኳት።

«አንቺ ነሽ የምታነቢው?»

«አዎ፣ አዴ።»

«ገመቹን የት ልታደርጊው ነው?»

«አዴ የሚሉኝ ቦታ።»

ወደ ጠረጴዛው አየች። «ያንን ፎቶ አንሺልኝ።»

አልገባኝም። «የቱን?»

«የልጁን። ሻማውንም አጥፊው። ወደ ቤት አስገቢና የነበረበት ስቀይው።»

አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ተያዩ። አንዷ «ጫልቱዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስትለምኚው…» ብላ ጀመረች።

«እለምነው ነበር» አለች አዴ ጫልቱ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ሁሉም ሰማ። «እኔ ሞቷል ስል፣ እሱ አልሞተም ይለኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ስንባባል እናድራለን። አሁን እኔ ሞቷል ካልኩ ማን አልሞተም ይለኛል?»

ሻማውን አጠፋሁ፤ ፎቶውን ይዤ ገባሁ። ሚስማሩ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ እንደነበረ ነው። ስሰቅለው ቁምሳጥኑ ላይ ፌስታሉን አየሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። የምእመናን ጸሎት ሲደርስ ወጣሁ። የሕያዋኑን ጀመርኩ፤ አንዳንዱን ስም ረስቼው ነበር፣ ኦቦ ፈይሳ በመቁጠሪያቸው እንደሚያደርጉት በጣቴ እየቆጠርኩ አስታወስኩት። መጨረሻ ላይ «ስለ ገመቹ ፈይሳ፣ መንገድ ላይ ስላለው» አልኩ። ሕዝቡ ደነገጠ መሰለኝ። ከዚያ ከፊት ወንበር አንዲት ድምፅ ብቻዋን «አቤቱ ስማን» አለች። አዴ ጫልቱ ነበረች። ሕዝቡ እሷን ተከተለ።

ወደ ሙታን ሄድኩ። የኦቦ ፈይሳ የክርስትና ስም ጴጥሮስ መሆኑን የሰማሁት የዚያን ጠዋት ከአባ ማርቆስ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት አላውቀውም ነበር። «ስለ ጴጥሮስ» አልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ «አቤቱ ስማን» አለ፤ ጌታሁን እንኳ ከበሩ ሲል አየሁት። አዴ ጫልቱን አየኋት። አፏ ተዘግቷል። ነጠላዋን እንደጨበጠች፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እንደምትጠብቅ ሁሉ ወደ በሩ ትመለከት ነበር።